የጃፓን ሻይ ሲጋበዙ እንዳይሳሳቱ

«ሻይ መጠጣት ደግሞ ምን ሥርዓት አለው?» ብሎ የገባ ሰው እግሩ ደንዝዞ፣ ግራ ገብቶት ይወጣል። የጃፓኖቹ የሻይ ሥርዓት፣ ቻኖዩ፣ ግን ያን ያህል አስፈሪ አይደለም። እያንዳንዱ ነገር ምክንያት አለው። ምክንያቱን ካወቁት እጅዎ ራሱ ይታዘዛል። እንግዳ የሚሳሳትባቸው እነዚህ ናቸው።

ቀለበትና ሰዓት አድርጎ መግባት፦ ሻዩ የሚቀርብበት የሸክላ ጣባ ብዙ ጊዜ ያረጀና ውድ ነው፤ ብረት ይቧጭረዋል። ሽቶም ይቅርብዎ። ከሰሉ ላይ የተጨመረውን ዕጣን ይሸፍነዋል።

ጣፋጩን ለሻዩ ማቆየት፦ እኛ የቡና ቁርስን ከቡናው ጋር ነው የለመድነው። እዚያ ጣፋጩ ቀድሞ ተበልቶ ያልቃል። ማቻው፣ ማለትም የሚቀርበው የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት፣ መራራ ነው፤ የሚያለዝበው አፍዎ ውስጥ የቀረው ጣዕም ነው። ስኳር አይጠይቁ።

ጣባውን ሳያዞሩ መጠጣት፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጣባ ፊት አለው። ጋባዥዎ ያማረውን ፊት ወደ እርስዎ አድርጎ ያቀርብልዎታል። እርስዎም አክብሮቱን ይመልሳሉ። መጀመሪያ አጠገብዎ ያለውን እንግዳ «ልቅደምዎት» ይሉታል። ከዚያ ጣባውን ግራ መዳፍዎ ላይ አሳርፈው በቀኝ እጅዎ ሁለቴ ትንሽ ትንሽ ያዞሩታል፤ ከንፈርዎ ፊቱን እንዳይነካ። አዟዟሩ ሥርዓቱን እንደሚያስተምረው የሻይ ትምህርት ቤት ሊለያይ ስለሚችል ቀዳሚውን እንግዳ ይመልከቱ። የመጨረሻዋን ጉንጭ ድምፅ እያሰሙ ይማጓት። እኛ ጋ ነውር ነው፤ እዚያ ግን «ጨረስኩ» ማለት ነው። የጠጡበትን ጠርዝ በጣትዎ ጠርገው ጣባውን መልሰው ያዞሩታል።

ወልገድ ያለውን ጣባ መናቅ፦ ሥርዓቱን ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያስያዘው ሴን ኖ ሪክዩ ነው። ቾጂሮ የተባለው ሸክላ ሠሪ ለእሱ የሠራቸው ጣባዎች በእጅ ብቻ የተበጁ፣ ጌጥ የሌላቸው ናቸው። የአገሩ ገዥ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ በወርቅ የተለበጠ የሻይ ክፍል ነበረው። የሪክዩ እንደሆነች የሚታመነው ታይአን የተባለችው የሻይ ክፍል ግን ስፋቷ ሁለት ታታሚ የተባለ የገለባ ምንጣፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀላል የሆነውን አይናቁ።

ዕቃዎቹን ሳያዩ መነሳት፦ ለእኔ ከሁሉም የሚያሳዝነው ይሄ ነው። ዕቃውን ወደ ምንጣፉ ዝቅ አድርገው ይያዙት፤ ቢያመልጥዎት እንዳይሰበር። ማቻው የሚጨለፍባትን የቀርከሃ ማንኪያ ሲያዩ ስሟን ይጠይቁ። ማንኪያ ስም ይወጣለታል። በ1591 እ.ኤ.አ. ሂዴዮሺ ሪክዩን ራሱን እንዲገድል ሲያዘው፣ ሪክዩ አንዲት ማንኪያ ጠረበ። ዛሬ ናጎያ በሚገኘው የቶኩጋዋ ሙዚየም ትገኛለች። ስሟ «ናሚዳ» ነው፤ እንባ።