መርዶ በፌስቡክ አይነገርም

ደሴ ውስጥ የአንድ ሰፈር ቅሬ ጸሐፊ ነኝ። ሌላ አገር ላላችሁ፣ ቅሬ የምንለው እድርን ነው። መዝገብ ይዤ ድንኳን ውስጥ ስቀመጥ ዘመድ ከዘመድ እንዴት እንደሚራራቅ በዓይኔ አያለሁ። አንዳንዱ ስህተት ሲደጋገም ግን ያንገበግባል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ መርዶን ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ነው። ሰው ሞተ። ገና ሬሳው ሳይታጠብ አንዱ የእህት ልጅ ፎቶውን ይለጥፋል። ሌላው ሻማ፣ ሌላው የዱዓ እጅ ይጨምርበታል። ምን ያስቸኩላል? ቀድሞ ያዘነ ይሸለማል እንዴ? መርዶ እኮ ወግ አለው። ሌሊቱን አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌና ጎረቤት ተጠርቶ፣ ሰውየው ቢወድቅ የሚደግፈው አጠገቡ ቆሞ ነው የሚነገረው። አንዲት የሰፈራችን ልጅ የአባቷን ሞት ያየችው ጂዳ፣ በአሠሪዎቿ ማድቤት፣ እኩለ ሌሊት ላይ ስልኳ ውስጥ ነው። ወንድሟ እዚያ ያሉ የአገሯ ልጆች ተሰብስበው እንዲነግሯት ለጁምዓ ቀጠሮ ይዞላት ነበር። ማንም ሳይዛት ብቻዋን አለቀሰች። ለጣፊው የገዛ አጎቷ ልጅ ነው። "መስሎኝ የሰማች" አለኝ።

"ብር ልኬያለሁ" ማለትም አለ። ብሩ ጥሩ ነው፣ ላኩ። እናት ግን "ማን መጣ?" ብላ ነው የምትጠይቀው።

"ቅርብ ነኝ" የሚለው ደግሞ የኮምቦልቻ ሰው በሽታ ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ለመድረስ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር አቋርጦ የሚመጣው ግን ቀድሞት ድንኳን ይገባል። ቅርብ ያለው ሁልጊዜ "ቅዳሜ እመጣለሁ" ይላል። የትኛው ቅዳሜ?

የቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍታችሁ የእናታችሁ ስልክ ኢንተርኔት እንደሌለው አትርሱ። ደውሉላት።

ኩርፊያ ላይ እኔም አለሁበት። ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአባታችን ቤት ኪራይ ተኳርፈን፣ እሱ ይደውል ስል ሁለት ዓመት አለፈ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ስልክ ጠፋ። አሁን ልደውል ብልስ በምን? ቤተሰቡን ይዞ የት እንደገባ ሳላውቅ ከወር በላይ ቆየሁ። ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት በእግሩ መጥቶ በሬን አንኳኳ። የመጀመሪያ ቃሉ "ዱቄት አላችሁ?" ነበር። የኪራዩን ነገር እስከ ዛሬ አላነሳነውም።

ሌላው፣ ልጅን ለሐዘን ብቻ ይዞ መምጣት። ባለፈው አንዱ ሕፃን ድንኳን ውስጥ "ጋሼ፣ እኚህ ሴትዮ ማን ናቸው?" አለኝ። የአያቱ እህት ናቸው! ክረምት ላይ ሁለት ሳምንት አያቱ ጋ ተዉት። ብርድ ነው፣ ጭቃ ነው ትላላችሁ። አዎ፣ ደሴ ነው። ቦቲ ግዙለት።