ልጃችሁ «የሚጥል በሽታ አለባት» ስትባሉ ከየት ትጀምራላችሁ?

«የሚጥል በሽታ ነው» መባል ገና ግማሽ መልስ ነው። ቀሪው ግማሽ «የትኛው ዓይነት?» የሚለው ነው። የመድኃኒቱ ምርጫም ሆነ የልጃችሁ የወደፊት ሁኔታ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ነው። ስለዚህ ከሐኪሙ ክፍል ሳትወጡ ጠይቁ፤ መልሱንም ወረቀት ላይ አስጽፉ። በዚያ ድንጋጤ ውስጥ የሰማችሁትን ቤት ስትደርሱ አታስታውሱትም።

የእኔ ልጅ መሬት ወድቃ አታውቅም። እያወራች ድንገት ቆም ትላለች፣ ዓይኗ ይፈዛል፣ የዓይኗ ቆብ ይርገበገባል። ከአፍታ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ወሬዋን ትቀጥላለች። ትምህርት ቤት «ትኩረት የላትም» ይሏት ነበር። ይህም የሚጥል በሽታ ነው፤ ከሁለቱም የአንጎል ጎኖች ባንዴ የሚነሳ ዓይነት። ሌላው ዓይነት ደግሞ ከአንድ የአንጎል ክፍል ይጀምራል፦ አንድ እጅ ብቻ ሊንቀጠቀጥ፣ የአፍ ጥግ ሊጣመም ይችላል። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ካርባማዜፒን የሚባለው መድኃኒት ለሁለተኛው ይሰጣል፤ እንደ ልጄ ያለውን መፍዘዝ ግን ሊያባብሰው ይችላል።

ዓይነቱን ለመለየት ከምርመራ ማሽን በላይ የሚረዳው የእናንተ ዓይን ነው። ሐኪሙ ሲነሳባት አያያትም፤ እናንተ ግን ታያላችሁ። ደህንነቷን ካረጋገጣችሁ በስልክ ቅረጹ። ፊቷ ብቻ ሳይሆን እጅና እግሯም ይግባ። እየቀረጻችሁ ስሟን ጥሩ፣ ትከሻዋን ንኩ። በሐሳብ የነጎደች ልጅ ሲነኳት ትመለሳለች፤ የተነሳባት ግን አትመልስም። ቪዲዮውን ቶሎ አትዝጉት። ካለፈላት በኋላ መናገር መቻሏ፣ ግራ መጋባቷ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቷም ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነው።

ደብተርም ያዙ። የእኔ እንዲህ ይላል፦ «ማክሰኞ ጠዋት፣ ቁርስ ላይ። ማንኪያውን እንደያዘች ቀረች። ጠራኋት፣ አልሰማችም። 10 ሰከንድ ገደማ። ከዚያ መብላት ቀጠለች። ሌሊት በደንብ አልተኛችም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትናቋት፤ እንቅልፍ ማጣት በሽታውን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ነው።

ኢኢጂ የሚባለው የአንጎል ምርመራ አያምም። ወደ ልጅቷ ኤሌክትሪክ አይልክም፤ የአንጎሏን ኤሌክትሪክ ብቻ ይመዘግባል። ፀጉሯን ቅባት ሳትቀቡ ውሰዷት። ውጤቱ ንጹህ ቢሆንም «በሽታው የለባትም» ማለት አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ምንም አልተመዘገበም ማለት ሊሆን ይችላል። በትኩሳት ጊዜ ብቻ የሚያንዘፈዝፋቸው ሕፃናት ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ ብቻውን የሚጥል በሽታ አይባልም።

የሚያንዘፈዝፍ ከሆነ መጀመሪያ ሰዓት እዩ። በጎኗ አስተኟት፣ ከጭንቅላቷ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ። አፏ ውስጥ ምንም አታስገቡ፤ ምላስ አይዋጥም። አጥብቃችሁም አትያዟት። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳትነቃ ደግሞ ከተነሳባት፣ ድንገተኛ እርዳታ ያስፈልጋታል።

ስለ መድኃኒቱ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ አንድ ጊዜ ብንረሳስ? ብታስመልሰውስ? የትኛው የጎንዮሽ ጉዳት ነው ቶሎ የሚያመጣን? ቆዳዋ ላይ ሽፍታ ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪሙ ንገሩ። «ተሽሏታል» ብላችሁ በራሳችሁ አታቁሙ፤ ድንገት ማቋረጥ ከበፊቱ የባሰ ሊያስነሳባት ይችላል። ተስፋውም ትልቅ ነው። ተገቢውን ሕክምና ካገኙ ከ10 ሰዎች እስከ 7ቱ ሳይነሳባቸው መኖር ይችላሉ። አንዳንድ የልጅነት ዓይነቶችም ከዕድሜ ጋር ይጠፋሉ።

በእናንተ ጥፋት የመጣ አይደለም፤ በአረፋም በመንካትም አይተላለፍም። ይህን ለመምህሯም በግልጽ ንገሩ፣ ሲነሳባት ምን ማድረግ እንዳለባቸውም አሳዩአቸው። ትሩጥ፣ ትጫወት። በተለይ ውኃ ላይ አትዘናጉ፦ ስትዋኝ የሚያያት ሰው አጠገቧ ይሁን፣ ስትታጠብም በሩ አይቆለፍ።