የጃፓን የፋንታሲ ፍቅር ታሪኮችን ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጃፓን ላይት ኖቭልና ማንጋ (በሥዕል የሚተረክ የጃፓን ታሪክ) ውስጥ ያለውን የፋንታሲ ፍቅር ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ለዚህም ነው ሰዎች ሁለት ምዕራፍ አንብበው «ምንም የለውም» ብለው ሲተዉት የሚቆጨኝ። ላይት ኖቭል ገና ላልሞከራችሁ፦ በኪስ በሚያዝ መጠን የሚታተም፣ በየመሃሉ እንደ ማንጋ የተሳሉ ሥዕሎች ያሉት፣ በተከታታይ ቅጾች የሚወጣ ልብ ወለድ ነው። ብዙዎቹ በኋላ ማንጋም አኒሜም (የጃፓን አኒሜሽን) ይሆናሉ።

እንደኔ አመለካከት፣ አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ፍቅሩን ከፋንታሲው ነጥለን ስንፈልገው ነው። በእነዚህ ታሪኮች ፍቅር የሚገለጠው በዚያ ዓለም ሕግ ነው። በውል፣ በእርግማን፣ በእጮኝነት፣ በንግድ። ሕጉን ያልተከታተለ ሰው ፍቅሩም ያመልጠዋል።

መሳሳሙን ብቻ መጠበቅ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። «መቼ ነው የሚሳሳሙት?» እያሉ ገጽ መዝለል።

የኢሱና ሃሴኩራን «ስፓይስ ኤንድ ዎልፍ» እንውሰድ። በ2006 መታተም የጀመረ ላይት ኖቭል ነው። ሎረንስ በጋሪ ከከተማ ከተማ እየዞረ የሚነግድ ወጣት ነው። አንድ ቀን ጋሪው ላይ ሆሎ የምትባል የተኩላ አምላክ ያገኛል። መልኳ የሰው ነው፣ የተኩላ ጆሮና ጭራ ግን አላት። ለዘመናት የአንድ መንደር የስንዴ አዝመራ ስትጠብቅ ኖራለች። አሁን የመንደሩ ሰዎች እንደ ድሮው አይፈልጓትም። እሷም በሰሜን በኩል ወዳለው ዮይትሱ ወደሚባል አገሯ መመለስ ትፈልጋለች። ይዋዋላሉ፣ መንገድ ይጀምራሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙው ገጽ ስለ ንግድ ነው። በሳንቲም ውስጥ ያለው የብር መጠን ይለወጣል የሚል ወሬ፣ ምንዛሪ፣ ዕዳ፣ የቆዳ ዋጋ። ብዙ አንባቢ ይህን እየዘለለ ሁለቱ ብቻቸውን የሚያወሩበትን ይፈልጋል። ፍቅሩ ግን እዚያው ንግዱ ውስጥ ነው ያለው። በመጀመሪያው ቅጽ ሎረንስ ፀጉራም ቆዳ ሊሸጥ አንድ የንግድ ቤት ይገባል። ዋጋ ተነጋግረው ሊጨርሱ ሲሉ ሆሎ ጣልቃ ትገባለች። ቆዳው የፍራፍሬ መዓዛ አለው ብላ ዋጋውን ታስጨምራለች። መዓዛው የመጣው እሷ ራሷ ቆዳው መሃል ከሸጎጠችው ፖም ነው። ሎረንስ ዕድሜውን በንግድ ያሳለፈ ሰው ነው። በገዛ ሙያው የምትበልጠውን ሰው ያገኘው ያን ቀን ነው። ለእንደሱ ዓይነት ሰው ከዚህ በላይ ልብ የሚሰርቅ ነገር አይኖርም። ይህን የዘለለ አንባቢ ሎረንስ ለምን እንደወደዳት አይገባውም።

ሌላም ነገር አለ። ሆሎ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረች ናት፣ እሱ ደግሞ ጥቂት አሥርት ዓመታት ኖሮ ይሞታል። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ስለ ትርፍና ኪሳራ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለዚሁ ነው። ዛሬ የምናገኘው ደስታ ነገ ለሚመጣው ሐዘን ዋጋ ያወጣል ወይ? እንዲህ ያለውን ጥያቄ በነጋዴ አፍ የሚጠይቅ ሌላ የፍቅር ታሪክ ብዙ አላውቅም።

መሳሳሙ መጀመሪያ ላይ የሚመጣባቸው ታሪኮችም አሉ። በጁሊየታ ሱዙኪ «ካሚሳማ ኪስ» (ከ2008 እስከ 2016) ናናሚ የምትባል ቤት አልባ ልጅ ሳታስበው የአንድ ቤተ መቅደስ አምላክ ትሆናለች። የመቅደሱ አገልጋይ ቶሞኤ የቀበሮ መንፈስ ነው። ገና መጀመሪያው ላይ ትስመዋለች፣ ግን ያ መሳም ውል ማሰሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ትእዛዟን እምቢ ማለት አይችልም። «ተሳሳሙ፣ በቃ ተዋደዱ» ያለ አንባቢ የታሪኩ ጥያቄ አልፎታል። ጥያቄው ቶሞኤ አጠገቧ የሚቆመው ታዝዞ ነው ወይስ ወዶ የሚለው ነው። ሃያ አምስት ቅጽ የተሄደው በዚህ ላይ ነው።

የመጽሔቱን መለያ እንደ ዘርፍ መቁጠር

«ሾጆ» ከተባለ ፍቅር ነው፣ «ሾነን» ከተባለ ድብድብ ነው የሚል አስተሳሰብ በጣም ተለምዷል። እነዚህ ቃላት ግን የሚያመለክቱት መጽሔቱ ለየትኛው አንባቢ እንደሚዘጋጅ ነው፣ ለሴት ልጆች ወይስ ለወንድ ልጆች። የታሪኩን ይዘት አይነግሯችሁም። የሩሚኮ ታካሃሺ «ኢኑያሻ» ከ1996 እስከ 2008 የወጣው በሾነን መጽሔት ነው። ግን ካጎሜ፣ ኢኑያሻና ከሞት የተመለሰችው ኪክዮ መሃል ያለው ፍቅር ከታሪኩ ቢወጣ የሚቀር ነገር የለም። በተቃራኒው የሚዙሆ ኩሳናጊ «ዮና ኦፍ ዘ ዶውን» የሾጆ መጽሔት ሥራ ነው። ውስጡ ግን ጦርነት፣ ረሃብና የዙፋን ሽኩቻ ሞልቶታል። በመለያ የሚመርጥ ሰው ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል።

አኒሜው ሲያልቅ ታሪኩም አለቀ ብሎ ማሰብ

አኒሜ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይቆማል። ይህ ደግሞ የፍቅር ታሪክን ከሌላው የበለጠ ይጎዳል፣ ቀስ ብሎ የተገነባው ነገር ፍሬ የሚያፈራው መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ።

የ«ዮና ኦፍ ዘ ዶውን» ልዕልት ዮና በአሥራ ስድስተኛ የልደት ቀኗ የምትወደው የአጎቷ ልጅ ሱዎን አባቷን ሲገድል ታያለች። ከቤተ መንግሥት ይዟት የሚሸሸው ጠባቂዋ ሃክ ከልጅነቱ ጀምሮ ይወዳታል፣ አይነግራትም። በ2014 የጀመረው አኒሜ 24 ክፍል ብቻ ነው። የሚያቆመውም ዮና የድራጎን ኃይል ያላቸውን አራት ተዋጊዎች አሰባስባ ስትጨርስ ነው። ማንጋው ግን ከ40 ቅጽ በላይ ሄዷል። በአኒሜው ብቻ «ሃክና ዮና የትም አልደረሱም» ብሎ መፍረድ ልክ አይደለም።

«ፍሩትስ ባስኬት» ደግሞ ሁለት አኒሜ አለው። የናትሱኪ ታካያ ማንጋ ያለቀው በ2006 ነው። የ2001ዱ አኒሜ የተሠራው ማንጋው ገና ሳያልቅ ስለነበር ታሪኩን አይጨርስም። ከ2019 እስከ 2021 የወጣው ግን እስከ ፍጻሜው ይሄዳል። እዚህ ታሪክ ውስጥ የተረገሙት የሶማ ቤተሰብ አባላት ተቃራኒ ጾታ ሲያቅፋቸው ወደ እንስሳ ይለወጣሉ። ማቀፍ የማይቻልበት ፍቅር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ እርግማኑ ምን እንደሚሆን ሳታዩ ብትተዉት ግማሹን እንኳ አላያችሁትም። አዲሱን ተመልከቱ።

በመጀመሪያው ምዕራፍ ፍርድ መስጠት

ይህን በጥንቃቄ ማንሳት እፈልጋለሁ። የኮሬ ያማዛኪ «ዘ ኤንሸንት ሜገስ ብራይድ» የሚጀምረው በጨረታ ነው። ቺሴ የምትባል የ15 ዓመት ልጅ ለሽያጭ ቀርባለች። ኢላያስ የሚባል፣ ጭንቅላቱ ቀንድ ያለው የእንስሳ ራስ ቅል የሆነ አስማተኛ በአምስት ሚሊዮን ፓውንድ ይገዛታል። ተማሪዬም ሙሽራዬም ትሆኛለሽ ይላታል። ይህን አንብቦ መሸማቀቅ ተገቢ ነው። እኔም ደስ የሚል አጀማመር ነው አልልም።

ስህተቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እዚያው ዘግቶ መሄድ ነው። ሌላው ደግሞ «ፋንታሲ ነው፣ ምን አለበት» ብሎ ሁሉንም ማለፍ ነው። ታሪኩ ራሱ ጉዳዩን አይረሳውም። ቺሴ ራሷን ለሽያጭ ያቀረበችው ለሕይወቷ ዋጋ ስለማትሰጥ ነው። ኢላያስ ደግሞ የሰውን ስሜት አያውቅም፣ ቅናት ሲይዘው ምን እንደያዘው እንኳ አይገባውም። እያደር አስተማሪዋ እሱ መሆኑ ይቀርና እሷ ታስተምረዋለች። ገዢና ተገዢ ሆነው የጀመሩ ሁለት ሰዎች እኩል መቆም ይችሉ እንደሆነ ነው የምትከታተሉት። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ጨርሶ የማያነሱ፣ ባለቤትነትን በፍቅር ስም የሚሸጡ ሥራዎችም በዘርፉ ውስጥ አሉ። እነዚያን ለመተው ማንንም ይቅርታ መጠየቅ የለባችሁም።

የአኩሚ አጊቶጊ «ማይ ሃፒ ማሬጅም» በተመሳሳይ ይፈተናል። ሚዮ በእንጀራ እናቷና በእህቷ እንደ ሠራተኛ ስትበደል ያደገች ልጅ ናት። በዚያ ዓለም ክቡር ቤተሰብ የሚከበረው በዘር በሚወረስ ልዩ ኃይል ነው፣ እሷ ኃይል የላትም ተብሏል። ጨካኝ ነው ወደሚባለው ኪዮካ ትላካለች። የመጀመሪያውን ቁርስ ስታቀርብለት መርዝ ይሆናል ብሎ አይነካውም። በኋላ ቀምሶ ይጣፍጣል ሲላት ታለቅሳለች። «ምን ያስለቅሳታል?» የሚል አንባቢ ያቺ ልጅ በቤቷ ስንት ዓመት አንድ መልካም ቃል እንዳልሰማች አላስተዋለም።

የክፉዋ እመቤት ታሪኮች ሁሉ አንድ ናቸው ማለት

አንዲት ልጅ በፍቅር ጌም ዓለም ውስጥ፣ ያውም መጨረሻዋ በማያምረው ክፉ ገጸ ባሕርይ ሰውነት ውስጥ ትነቃለች። በ2004 በተከፈተው «ሾሴትሱካ ኒ ናሮ» የተባለ ድረ ገጽ ላይ እንዲህ ያሉ ታሪኮች በብዛት ወጥተዋል። መነሻቸው መመሳሰሉ እውነት ነው። ልዩነቱ ልጅቷ መጨረሻዋን ስታውቅ የምታደርገው ነገር ላይ ነው። የሳቶሩ ያማጉቺ «ማይ ኔክስት ላይፍ አዝ ኤ ቪሌነስ» ጀግና ካታሪና በስምንት ዓመቷ የቀድሞ ሕይወቷን ስታስታውስ እርሻ ትጀምራለች። የአፈር አስማቷን አጠንክራ ከአገር ብትባረር ሠርታ መብላት እንድትችል ነው። ይህን ስታደርግ የነበራት ቅንነት በዙሪያዋ ያሉትን ሁሉ ይማርካል፣ እሷ ብቻ አታውቀውም። ስለዚህ አንዱ ካልጣማችሁ ዘርፉን በሙሉ አትተዉት።

ሳያጣሩ መጀመር

ይህ አጭር ነው። አንድ ታሪክ በድረ ገጽ፣ በመጽሐፍና በማንጋ ሊለያይ ይችላል። «ዘ አፖቴካሪ ዳይሪስ» ሁለት የተለያዩ የማንጋ ቅጂዎች አሉት፣ ሁለቱም በ2017 ነው የጀመሩት፣ ሠዓሊዎቻቸውም የተለያዩ ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለሉ ማንበብ ግራ ያጋባል። አንዱን መርጣችሁ ቀጥሉ። ማንጋውን ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብንም እንዳትረሱ።

«ስፓይስ ኤንድ ዎልፍ»ም ቅደም ተከተል ይፈልጋል። ዋናው ታሪክ በ2011 በ17ኛው ቅጽ ይዘጋል። ከ2016 ጀምሮ የመጡት «ስፕሪንግ ሎግ» የሚባሉት ቅጾች የሚተርኩት ከጋብቻ በኋላ ያለውን ኑሮ ነው። ሰው ከእነሱ ሲጀምር እያየሁ ዝም ማለት አልችልም። ከመጀመሪያው ቅጽ፣ ከስንዴው ጋሪ ጀምሩ።