ቦርሳዬ ውስጥ የሚገባውን ዝናብ እንዴት እንዳስቆምኩት

ከሐዋሳ ተነስቼ በሻሸመኔና በዶዶላ አድርጌ ወደ ባሌ ተራሮች ብቻዬን ሄድኩ። ወሩ ነሐሴ ነው፣ ዝናቡ አያባራም። ማታ ማታ ቦርሳዬን ስከፍት ልብሱም ብርድ ልብሱም እርጥብ ነው። ሦስት ሌሊት ስንቀጠቀጥ አደርኩ።

መጀመሪያ ለቦርሳው የዝናብ ሽፋን አለበስኩት። ከውጭ በኩል ደህና ነው፣ ግን ውሃው በጀርባዬ ወርዶ በማንገቻው በኩል ይገባል። ቀጥሎ ልብሱን በየፌስታሉ ከፋፈልኩ፤ ስስ ስለሆነ በማግስቱ ተቀዳደደ። እሳት ዳር ማድረቅም ሞከርኩ። ልብሱ ጭስ ጭስ ሸተተ እንጂ አልደረቀም፣ የጫማዬ ማስቲሽም ለቀቀ። እባካችሁ ጫማ እሳት አጠገብ አታስቀምጡ።

የሠራልኝ የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ያለው ወፍራም ላስቲክ ነው። መንገድ ላይ ከገበያ ገዛሁ፣ በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩት፣ ውሃ ሞልቼ ቀዳዳ እንደሌለው አየሁ። ከዚያ ቦርሳው ውስጥ ዘረጋሁት፣ ዕቃውን ሁሉ እዚያ ከተትኩ፣ አየሩን ተጭኜ አስወጣሁና አፉን ጠምዝዤ፣ ወደ ታች አጥፌ፣ በብስክሌት ጎማ ቁራጭ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ቦርሳው ራሱ ቢርስ ግድ የለም።

ባሌ ተራሮች ውስጥ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ቀኑን ሙሉ ዘነበብኝ። ማታ ያወጣሁት ሹራብ ደረቅ ነበር፣ ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ለጫማው ደግሞ ገበሩን አውጥቼ ጋዜጣ ጠቀጠቅኩበት፣ ከመተኛቴ በፊት በደረቅ ቀየርኩት። የማታ ልብሳችሁን ቀን አትንኩት። ጠዋት እርጥቡን መልሶ መልበስ ይከብዳል፣ ግን ትንሽ ስትራመዱ ሰውነታችሁ ይሞቃል።