የላንድክሩዘር ፒክአፕን በአንድ አሥረኛ መጠን መገጣጠም፦ ለጅማ ዳገትና ቀይ ጭቃ

በሪሞት ከሚነዱ መኪኖች መካከል ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ለእሽቅድምድም የሚሠሩትን ሳይሆን፣ የእውነተኛውን መኪና አንድ አሥረኛ አክለው ድንጋይ ለድንጋይ እየተንፏቀቁ ዳገት የሚወጡትን፣ በተለምዶ «ክሮለር» የሚባሉትን ነው። እነዚህ መኪኖች ተገጣጥመውም ተበታትነውም ይሸጣሉ። እኔ የምመክረው ተበታትኖ የሚመጣውን ኪት ነው። ጅማ ላይ ሆኖ አንድ ጥርስ ቢሰበር መለዋወጫው እስኪደርስ ረጅም ጊዜ ስለሚያልፍ፣ እያንዳንዱን ብሎን በገዛ እጁ ያሰረ ሰው ብልሽቱ ሳይብስ ቀድሞ ይሰማዋል፤ ከተበላሸም ፈትቶ መጠገን አይከብደውም። ኪቱ ሻሲውን፣ አክስሎቹን፣ ካምቢዮውን፣ ሾክ አብዞርበሮቹንና ብዙ ጊዜም ጎማና ቦዲውን ይይዛል። ሞተሩ፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያው፣ መሪ የሚያዞረው ሰርቮ፣ ሪሞቱ፣ ባትሪውና ቻርጀሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ የሚገዙ በመሆናቸው፣ ከማዘዝዎ በፊት በሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ በጥንቃቄ ያንብቡ።

የኪቱን ዓይነት ሲመርጡ በመጀመሪያ የሚታየው በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት ነው። ባለ አንድ ጋቢናው ላንድክሩዘር 79 ፒክአፕ በሁለቱ አክስሎች መካከል 3,180 ሚሊ ሜትር አለው፤ ለአሥር ሲካፈል 318 ይሆናል። በስፋት የሚታወቀው የአክሲያል ኤስሲኤክስ 10 ሁለተኛ ትውልድ ሻሲ 313 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ የአምስት ሚሊ ሜትሩ ልዩነት ለዓይን ሳይታይ የፒክአፑን ቅርጽ ይሸከማል። የትራክሳስ ቲአርኤክስ 4 ደግሞ አክስሉ ከጎማው መሃል ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ሆዱ ከድንጋይ ይርቃል፤ ሆኖም በየጎማው ተጨማሪ ጥርሶች ስላሉት ጭቃ በበዛበት አገር የሚፈታውና የሚጸዳው ነገር ይበዛል። ለመጀመሪያ ሥራ ቀላሉን አክስል እመርጣለሁ።

ለመሥሪያ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ 1.5፣ 2 እና 2.5 ሚሊ ሜትር የሆኑ ጥሩ የአለን ቁልፎች፣ ፒንሳ፣ ካሊፐር፣ ግራሶ፣ ሰማያዊው የብሎን ማጥበቂያ ፈሳሽና የኤሌክትሮኒክስ መበየጃ። በርካሽ ቁልፍ አይሥሩ፤ የብሎኑ አናት አንዴ ከተላጠ ማውጣቱ ከመኪናው ግማሽ ሥራ ይበልጣል። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው ብሎኖቹን በየርዝመታቸው በቡና ስኒዎች ይለዩ። ይህ ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ 8 ሚሊ ሜትር በሚገባበት ቀዳዳ 12 ሚሊ ሜትር ከገባ ጫፉ በሌላ በኩል ወጥቶ ጥርስ ይነካል ወይም ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል።

ሥራው የሚጀምረው ከአክስሎቹ ነው። ኩሽኔታዎቹን ከማስገባትዎ በፊት እያንዳንዱን በጣትዎ አዙረው ይሞክሩ፤ የሚያንቋቋ ካለ ለይተው ያስቀምጡት። የጥርሶቹን ፊት ስስ ግራሶ ብቻ ይቀቡ፤ ጥርሶቹ መሃል ታጭቆ የሚቀር ግራሶ ኋላ ላይ አቧራ ይሰበስባል። በአብዛኞቹ እነዚህ መኪኖች ዲፈረንሻሉ እንደ እውነተኛው መኪና ግራና ቀኙን አያለያይም፤ ሁለቱ ጎማዎች ተቆልፈው እኩል ይዞራሉ። በጠንካራ ወለል ላይ መኪናው ሰፊ ዙር እንዲይዝ የሚያደርገው ይኸው ስለሆነ እንደ ጉድለት አይቁጠሩት፤ አንዱ ጎማ አየር ላይ ሲንጠለጠል ሌላው መጎተቱን የሚቀጥለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ ብሎን ማጥበቂያው ፈሳሽ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ፈሳሹ የሚገባው ብረት ብረትን በሚይዝበት ቦታ ብቻ ነው። በመጀመሪያው መኪናዬ ላይ «ለጥንቃቄ» ብዬ ወደ ፕላስቲክ በሚገቡት የካምቢዮ ብሎኖች ላይ ሁሉ ጠብ አደረግሁ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ የካምቢዮው ሽፋን ከየብሎኑ ሥር እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። ፈሳሹ አንዳንድ ፕላስቲኮችን ያደርቃል፣ ያሰነጥቃልም። ወደ ፕላስቲክ የሚገባ ብሎን ጥርሱን የሚያወጣው ራሱ ነውና እስኪጠጋ አዙረው ከዚያ ሩብ ዙር ብቻ ይጨምሩ።

ሞተሩ ሲታሰር ፒኞኑ (በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለው ትንሹ ጥርስ) ከትልቁ ጥርስ ጋር የሚገናኝበት ክፍተት የመኪናውን ዕድሜ ይወስናል። ከደብተር ላይ ጣት የሚያህል ወረቀት ይቅደዱና በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያስገቡ፤ ሞተሩን ገፍተው ወረቀቱን እንደ ነከሱ የሞተሩን ብሎኖች ያጥብቁ፤ ከዚያም ትልቁን ጥርስ በእጅ እያዞሩ ወረቀቱን ያውጡ። ወረቀቱ የአኮርዲዮን እጥፋት የመሰለ ምልክት ይዞ ሳይቀደድ ከወጣ ክፍተቱ ትክክል ነው። ከተበሳ ጠብቋል፤ ምልክቱ ደብዛዛ ከሆነ ላልቷል። ይህን በአንድ ቦታ ብቻ አይተው አይርኩ፤ ትልቁን ጥርስ ሙሉ ዙር እያዞሩ በሦስት በአራት ቦታ ይመርምሩ፤ ፕላስቲክ ጥርስ ፍጹም ክብ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነውና።

ሾክ አብዞርበሮቹ ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ዘይቱን እስከ አፉ ሞልተው ፒስተኑን በዝግታ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ፤ አረፋው ሲወጣ ያያሉ። ቀጥ አድርገው ያቁሙትና አረፋው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ይጠብቁ፤ እኔ በዚህ መሃል ቡና ይፈላልኛል። ክዳኑን ሲዘጉ ፒስተኑ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ትርፉ ዘይት በጎን ይፍሰስ። አራቱም ሲጨመቁ አንድ ዓይነት ስሜት መስጠት አለባቸው፤ አንዱ «ፍጭጭ» ካለ አየር ቀርቶበታል፤ እንደ ገና ይክፈቱት። አክስሉን ከሻሲው ጋር የሚያገናኙትን ዘንጎችም ግራና ቀኛቸውን በካሊፐር ለክተው ያመሳስሉ፤ በአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ይሳነዋል።

በኤሌክትሮኒክሱ በኩል ለዚህ ሥራ የሚመቸው ባለ 35 ወይም ባለ 55 ዙር ጥቅል ባለ ካርቦን ብሩሽ ሞተር ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ፍጥነቱ እየቀነሰ የዝግታ ቁጥጥሩ ይሻላል። ሰርቮው ጉልበተኛ ይሁን፤ 20 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ በሴንቲ ሜትር የሚስበው በድንጋይ መካከል የተቀረቀረ ጎማ ለማዞር አይቸገርም። የሰርቮውን ክንድ ከማሰርዎ በፊት ሪሞቱንና ሰርቮውን አብርተው መሃል ላይ እንዲቆም ያድርጉ፤ ክንዱን ከዚያ በኋላ ያስገቡ። የፍጥነት መቆጣጠሪያው የሪሞቱ ነዳጅ መስጫ ሲለቀቅ መኪናውን ዳገት ላይ የሚይዝ ፍሬን ያለውና የባትሪው ዓይነት የሚመረጥበት ይሁን፤ ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ተገጥሞለት ምርጫው ኒኬል ባትሪ ላይ የተተወ መቆጣጠሪያ ባትሪው ከሚገባው በታች እስኪወርድ ዝም ብሎ ያስኬዳል። ሁልጊዜ ሪሞቱ ቀድሞ ይበራል፣ መኪናው ቀድሞ ይጠፋል።

ባትሪው ባለ ሁለት ሴል፣ 7.4 ቮልት ሊፖ ቢሆን ለጀማሪ ይበቃል። 5,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዘው በ5 አምፒር ይሞላል፤ እያንዳንዱ ሴል 4.2 ቮልት ሲደርስ ሞልቷል። ሲሞላ ሰው ከጎኑ ይኑር፤ እኔ ክዳን በሌለው የሸክላ ድስት ውስጥ አድርጌ፣ ከመጋረጃና ከእንጨት ርቆ ነው የምሞላው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ሊዋዥቅ ስለሚችል፣ ሲጠፋ ቻርጀሩን ከሶኬት ይንቀሉና መብራቱ ከረጋ በኋላ እንደ ገና ያስጀምሩ። ያበጠ ባትሪ አይሞላም፣ አይነዳበትም።

መኪናው ቆሞ መሄድ ሲጀምር ወዲያው ወደ ማስዋብ መሮጥ ያጓጓል። እባክዎ ቢያንስ ጥቂት ሳምንታት እንደ ወጣ ይንዱት። ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ ያሉ የድንጋይ መንገዶችና የአዌቱ ወንዝ ዳር ለዚህ ምቹ ናቸው፤ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ግቢ ግን ቅርስ ነውና ደረጃውና ግንቡ የመኪና መፈተኛ አይሁን። በእነዚህ ሳምንታት የት እንደሚገለበጥና የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደሚነሣ ያስተውሉ፤ ኋላ የሚጨምሩት ነገር ሁሉ ለዚህ መልስ መስጠት አለበት። ውበት የሚጨመረው ላይ፣ ክብደት የሚጨመረው ታች ነው፤ ብዙ ሰው ይህን አዛብቶ የሠራውን መኪና ኋላ «ኪቱ አይረባም» ብሎ ይጥለዋል።

ቦዲው ሁለት ዓይነት ነው። ሌክሳን የሚባለው ስስና ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ከውስጥ በኩል የሚቀባ ሲሆን፣ ለሌክሳን ተብሎ የተሠራ ቀለም ይፈልጋል፤ የጋራዥ የመኪና ቀለም በሚተጣጠፍ ሌክሳን ላይ ይላላጣል። ጠንካራው የኤቢኤስ ፕላስቲክ ቦዲ ከውጭ ይቀባል፤ በስሱ ብርጭቆ ወረቀት አሽተው፣ መሠረት ቀለም ሰጥተው፣ በስስ በስሱ በተደጋጋሚ ከነፉት የጋራዥ ቀለም ቀቢም በጥሩ ሁኔታ ይሠራልዎታል፤ አንዴ በወፍራሙ ከተነፋ ግን ቲነሩ ፕላስቲኩን ይበላዋል። ጠንካራው ቦዲ እውነተኛ መኪና ይመስላል፤ ነገር ግን ከሌክሳኑ ብዙ ስለሚከብድ ከላይ በኩል የሚያመጣውን ችግር ታች መካስ ግድ ነው።

ፖርቶ መጋላውን ከአሮጌ ብስክሌት ቸርኬ ሽቦ እሠራለሁ። ሽቦው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በዚህ መጠን የ20 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይመስላል። መገናኛዎቹን በብርጭቆ ወረቀት አብርተው፣ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ሁለት ሦስት ዙር ጠምጥመው ከዚያ ይበይዱ፤ ያልተጠመጠመ ብየዳ በመጀመሪያው ግልበጣ ይለቃል። የጭነት ሳጥኑን ወለል በቀጭኑ በተሰነጠቀ የዋንዛ ቁርጥራጭ አለበስኩት፤ በከተማችን ወንበርና በርጩማ ከሚጠርቡት ዘንድ ትርፍራፊው አይጠፋም፤ ዋንዛም ቀላልና ለመላግ የማያስቸግር እንጨት ነው።

የጅማ መኪና ያለ ቡና ጆንያ አይሆንምና ጆንያዎቹን ሠራሁ። መጀመሪያ ከእውነተኛ ጆንያ ቆርጬ ሰፋሁ፤ ክሩ በዚህ መጠን ሲታይ ጆንያ መሆኑ ቀርቶ የገመድ መረብ መሰለ። ትክክለኛው መልክ የመጣው ከአቡጀዲ ነው፦ 10 በ7 ሴንቲ ሜትር አድርጎ ሰፍቶ፣ በቡና አተላ ለአንድ ሌሊት ዘፍዝፎ፣ ጥላ ላይ ማድረቅ። ስህተቱ የሞላሁበት ነገር ነበር። ጥሬ ቡና ሞልቼ ስድስቱን ፖርቶ መጋላው ላይ ደረደርኳቸው፤ መኪናው ቀድሞ በቀላሉ በሚያልፈው ጎባጣ ላይ ሁለት ጊዜ በጎኑ ተኛ። ጆንያዎቹን ፈትቼ በስፖንጅ ሞላኋቸው፤ ጥሬ ቡናውን አፋቸው ላይ በሚታይበት ቦታ ብቻ አምስት ስድስት ፍሬ አጣበቅሁ። ለዓይን ምንም አልተለወጠም፤ መኪናው ግን ያንኑ ጎባጣ ቀጥ ብሎ አለፈ።

ታች የሚጨመረው ክብደት ከጎሚስታ ቤት ይገኛል፤ ለጎማ ባላንስ የሚለጠፉትን ቁርጥራጭ ክብደቶች በፊት ቸርኬዎች ውስጥ ዙሪያውን እኩል አድርገው ይለጥፉ። ክብደቱ ሾክ አብዞርበሩ የሚሸከመው ስላልሆነ ሞላውን አያጎብጠውም፤ ዳገት ላይም ፊቱን መሬት ያስይዘዋል። ከመቶው ወደ ስልሳ የሚጠጋው ክብደት ፊት ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው። ለመለካት የፊት ጎማዎቹን በወጥ ቤት ሚዛን ላይ፣ የኋላዎቹን በሚዛኑ ቁመት ልክ በተደረደሩ መጻሕፍት ላይ አቁመው ያንብቡ፤ ከዚያ ቦታ ያቀያይሩ። ባትሪውን ወደ ፊት ማስጠጋት ብቻውን ብዙ ይለውጣል። በመጨረሻ መኪናውን በሣንቃ ላይ አግድም አዙረው በአራቱም ጎማዎች አቁመው ሣንቃውን በዝግታ ያንሡ፤ የላይኞቹ ጎማዎች የሚለቁበትን ቦታ ግድግዳ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ አዲስ ነገር በጨመሩ ቁጥር ከምልክቱ ጋር ያነጻጽሩ።

በክረምት ቀይ አፈራችን ጎማውን ለስልሶ ይለብሰዋል፤ ጥቅጥቅ ያለ ጥርስ ያለው ጎማ ወዲያው ድቡልቡል ይሆናል። ጥርሱ የተራራቀና ለስላሳ ላስቲክ የሆነውን ይምረጡ። ውኃ ሲሻገሩ ከአክስሉ ቁመት አይለፉ። ሲመለሱ በሚረጭ ውኃ አይጠቡት፤ ውኃው ጭቃውን ወደ ኩሽኔታው ይነዳዋል። እንዲደርቅ ይተዉት፣ በብሩሽ ያራግፉ፣ የጎማዎቹን ዳዶ ፈትተው ኩሽኔታዎቹን ይጥረጉና ጠብታ ዘይት ይስጧቸው። ባትሪውን አውጥተው እያንዳንዱን ሴል 3.8 ቮልት ላይ አድርሰው ያስቀምጡ፤ ሙሉ ሆኖ ሳምንታት የተቀመጠ ባትሪ በቀጣዩ መውጫ ቀን አብጦ ሊገኝ ይችላል።