የሄደ ሠራተኛ አካውንት ከማይኤስኪውኤል አልሰረዝ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ማርቆስ ላይ የአንድ ገበሬዎች ዩኒየን ዳታቤዝ ትጠብቃላችሁ፤ የሚሠራውም ማይኤስኪውኤል በሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ነው እንበል። ጥር ላይ ከደጀንና ከቢቸና የሚገባውን ጤፍ የሚመዘግቡ ጊዜያዊ ሠራተኞች ተቀጠሩ፤ አካውንትም ተከፈተላቸው። ሥራው አለቀ፣ ሰዎቹ ሄዱ፣ አካውንቱ ግን አለ። ይሄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የይለፍ ቃሉን የያዘ ሰው ገብቶ የገበሬውን ኪሎና ክፍያ መቀየር ይችላል። ትእዛዞቹን እዚህ እንደሚነበቡ ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚተየቡት።

«ኤረር 1396፦ ኦፕሬሽን ድሮፕ ዩዘር ፌይልድ»

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። መጋዘን2 የሚባለውን አካውንት ለመሰረዝ «ድሮፕ ዩዘር 'መጋዘን2';» ትላላችሁ፤ አይሆንም ይላል። ስሙን ግን በዓይናችሁ አይታችሁታል።

መንስኤው፦ ማይኤስኪውኤል ዘንድ አካውንት ማለት ስምና ሆስት አንድ ላይ ነው። ሆስት ሰውየው የሚገባበት ማሽን ነው። ሆስቱን ካልጻፋችሁ ራሱ % ብሎ ይሞላዋል፤ «ከየትም» ማለት ነው። አካውንቱ የተከፈተው ለሌላ ሆስት ከሆነ አያገኘውም።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ እዩ። «ሰሌክት ዩዘር፣ ሆስት ፍሮም ማይኤስኪውኤል.ዩዘር;» በሉ። ለምሳሌ ይሄ ሊወጣ ይችላል፦

መጋዘን2 | 192.168.1.%
መጋዘን2 | ሎካልሆስት

ሁለት መስመር ካያችሁ ሁለት አካውንት ነው። አንዱን ሰርዞ ሌላውን መርሳት በሩን ገርበብ አድርጎ እንደመሄድ ነው። ሁለቱንም ከነሆስታቸው ሰርዙ፦ «ድሮፕ ዩዘር 'መጋዘን2'@'ሎካልሆስት';»። ጥቅሱን ልብ በሉ። ስሙ ለብቻ፣ ሆስቱ ለብቻ ይጠቀሳል። 'መጋዘን2@ሎካልሆስት' ብላችሁ በአንድ ጥቅስ ካሰራችሁት ሁሉንም እንደ ስም ቆጥሮ ያው 1396 ይመልስላችኋል።

ከማይኤስኪውኤል 5.7 ጀምሮ ድሮፕ ዩዘር ላይ የሚጨመር «ኢፍ ኤግዚስትስ» («ካለ» ማለት ነው) የሚባል አለ፤ ኤረሩን ወደ ማስጠንቀቂያ ይቀይረዋል። በእጅ ስትሠሩ ባትጠቀሙበት እመርጣለሁ። ያልተሰረዘው የተሰረዘ ይመስላችኋል።

«ኤረር 1227፦ አክሰስ ዲናይድ»

የገባችሁበት አካውንት «ክሪኤት ዩዘር» የሚባለው መብት የለውም። መብቱ ባለው አካውንት ግቡ።

ተሰርዟል፤ ሰውየው ግን አሁንም እየሠራ ነው

ድሮፕ ዩዘር አዲስ መግቢያን ይዘጋል እንጂ አስቀድሞ የተከፈተውን ሴሽን፣ ማለትም ግንኙነት፣ አያቋርጥም። መብራት ሄዶ ሰርቨሩ ካልጠፋ ሴሽኑ ሊቆይ ይችላል። «ሾው ፕሮሰስሊስት;» ብላችሁ ቁጥሩን ፈልጉ፤ ከዚያ «ኪል» እና ቁጥሩን ጻፉ።

ከተሰረዘ በኋላ ሪፖርቱ ቆመ፣ ኤረር 1449

ክፉው ይሄ ነው፤ የሚመጣው ሥራ አስኪያጁ የወር ሪፖርት ሲጠይቅ ነውና። የሄደው ሠራተኛ ቪው (ተቀምጦ እንደ ሰንጠረዥ የሚነበብ ጥያቄ) ወይም ፕሮሲጀር (ተቀምጦ በስሙ የሚጠራ የትእዛዞች ስብስብ) ሠርቶ ከነበረ ስሙ «ዲፋይነር»፣ ማለትም ባለቤት፣ ሆኖ ይቀመጣል። ባለቤቱ ሲጠፋ ቪውው አይሠራም። ከ8.0.22 ወዲህ ሰርቨሩ ራሱ እንዲህ ያለውን አካውንት አልሰርዝም ይላል፤ ልዩ መብት ባለው አካውንት ከገባችሁ ግን አስጠንቅቆ ይሰርዘዋል።

ስለዚህ ሠራተኛው በሄደበት ቀን አትሰርዙ፤ ቆልፉ፦ «ኦልተር ዩዘር 'መጋዘን2'@'ሎካልሆስት' አካውንት ሎክ;»። የተቆለፈ አካውንት እንደ አዲስ መግባት አይችልም፤ በስሙ ያሉት ቪውና ፕሮሲጀሮች ግን መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። ጊዜ አገኛችሁ ማለት ነው። ኢንፎርሜሽን ስኪማ (ሰርቨሩ ውስጡ ስላለው ነገር መረጃ የሚያሳይበት ዳታቤዝ) ውስጥ ቪውስ፣ ሩቲንስ፣ ትሪገርስና ኢቨንትስ የሚባሉትን ሰንጠረዦች ዲፋይነር ዓምዳቸውን ፈትሹ። ስሙ ያለበትን ሁሉ ወደ ቋሚ አካውንት አዙሩ። ያኔ ሰርዙ።

ሰርዤ እንደገና ልክፈት ስል 1396 አለኝ

አካውንቱ «ዲሊት ፍሮም ማይኤስኪውኤል.ዩዘር» ተብሎ ከሰንጠረዡ በእጅ ወጥቷል፤ መብቶቹ ሌሎች ሰንጠረዦች ላይ ቀርተዋል። ሰርቨሩ መብቶቹን ከሰንጠረዦቹ እንደገና እንዲያነብ «ፍላሽ ፕሪቪሌጅስ;» በሉ፣ በድሮፕ ዩዘር ከነሆስቱ ሰርዙት፣ ከዚያ ክፈቱት።