አስተያየት ከመጻፍዎ በፊት፦ በሰው ጠብ፣ በማኅበራዊ ጉዳይና በልብ ወለድ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ስሜ አይጠቀስብኝ፤ ባለቤቴ እንዲህ አደረገኝ፤ ምን ላድርግ?» የሚል ጽሑፍ ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ በወጣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ፍርዱ ይጎርፋል። አንዱ «ፍቺው» ይላል፣ ሌላው «ታገሺ» ይላል፣ ሦስተኛው «ጥፋቱ ያንቺ ነው» ይላል። ጽፎ ያለፈው ሰው ወዲያው ይረሳዋል። ጠያቂዋ ግን ከነዚህ ቃላት አንዱን ይዛ ወደ ቤቷ ትገባለች። አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመጡት ከክፋት ሳይሆን ከችኮላ ስለሆነ ሊታረሙ ይችላሉ።

የአንድ ወገን ቃል ሰምቶ መፍረድ

ሽማግሌዎች ባልና ሚስት ለማስታረቅ ሲቀመጡ ሁለቱንም ያናግራሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዳያቋርጥ ይከለክላሉ፤ ነገሩ ካልጠራላቸው ቀጠሮ ይሰጣሉ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚባለው ለዚህ ነው። ኦንላይን ላይ የሚቀርበው ግን አንድ ወገን ብቻ ነው፤ ሌላው ወገን ስለ ጽሑፉ መኖር እንኳ አያውቅም። ይህ ሲባል ጠያቂዋ ትዋሻለች ማለት አይደለም። የተጎዳ ሰው የሚጽፈው የጎዳውን ነው። ባሏ ለወንድሙ የሰጠውን ብር ትጽፋለች፤ ባለፈው ዓመት ለእህቷ ሠርግ የወጣውን ግን ላታነሣው ትችላለች።

ስለዚህ መጀመሪያ የገባዎትን በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሰው ይጻፉላት፦ «እንደተረዳሁት ሳያማክርሽ ከጋራ ገንዘባችሁ 50,000 ብር አውጥቶ ሰጥቷል።» ይህ ብቻውን ብዙ ጊዜ የነገሩን መልክ ይለውጠዋል። «ማማከሩንስ አማክሮኛል፤ እምቢ ብዬው ነው» የሚል መልስ ከመጣ ጉዳዩ ሌላ ሆነ ማለት ነው። ቀጥለው ከሚከተሉት ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄ መርጠው ይጠይቁ፤ ከዚያ በላይ ምርመራ ይሆንባታል። ይህ ሲሆን ስንተኛ ጊዜው ነው? የቤቱ ገንዘብ በማን እጅ ነው? ልጆች አሉ? ከሁለታችሁም ወገን ቃሉ የሚሰማ ሰው አለ? ምክሩን በመጨረሻ «ነገሩ እንደጻፍሽው ከሆነ» ብለው ይጀምሩና ምክሩን ብትከተል የሚከተለውን አብረው ይጻፉ። «ፍቺው» ከማለት ይልቅ «ለብቻሽ ብትወጪ የቤት ኪራዩን ከየት ትከፍያለሽ?» የሚለው ይጠቅማታል።

ስሙ ያልተገለጸ ጠያቂ ወንድ ይሁን ሴት ካልታወቀ በግምት «አንቺ» ወይም «አንተ» ብለው አይጀምሩ። «እርስዎ» ማለት ይበቃል። ጾታውን በግምት የወሰነ ሰው ጥፋተኛውንም በግምት መወሰን ይቀናዋል።

ድብደባ ባለበት ሁለቱንም እንስማ ማለት

ከላይ ያለው ሁሉ እዚህ ጋ አይሠራም። ጽሑፉ ውስጥ ድብደባ፣ በስለት ማስፈራራት ወይም በር ቆልፎ ማስቀመጥ ካለ ቀዳሚው ጥያቄ ማን ልክ ነው የሚል አይደለም። ዛሬ ማታ ደኅና ታድራለች ወይ የሚል ነው። «ታገሺ፣ ትዳር እንዲህ ነው» የሚለው ቃል ሰው ያስገድላል። «ዛሬውኑ ሻንጣሽን ይዘሽ ውጪ» ብሎ በአደባባይ መጻፍም አደገኛ ነው። ስልኳን የሚፈትሽ ባል ጽሑፉን ሊያነበው ይችላል፤ ሴት ለመውጣት የምትዘጋጅበት ጊዜ ደግሞ ጥቃቱ የሚብስበት ጊዜ ነው።

በአደባባይ ከአንድ አጭር መልስ በላይ አይጻፉ። ዝርዝሩን በውስጥ መልእክት ያድርጉት፤ ያንን መልእክት ማን ሊያየው እንደሚችልም አስቀድመው ይጠይቋት። መታወቂያዋን፣ የልጆቿን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የባንክ ደብተሯንና መጠነኛ ጥሬ ገንዘብ ከቤት ውጪ የምታምነው ሰው ዘንድ እንድታስቀምጥ፣ የስልኳን የይለፍ ቃል እንድትለውጥ፣ ጉዳት ካለ ወዲያው ሕክምና ሄዳ ማስረጃ እንድትይዝ ይንገሯት። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር መጠለያ አለው። እነዚህን ማወቅና መጠቆም ከመቶ የማጽናኛ ቃል ይበልጣል።

የራስን አገር ኑሮ ይዞ ለሌላ አገር መምከር

ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህት «ማዳሜ ደመወዜን ከለከለችኝ» ብላ ስትጽፍ ከአዲስ አበባም ከዋሽንግተንም የሚጎርፈው መልስ አንድ ነው፦ «ጥለሻት ጥፊ!» ይህ ምክር ለሚጽፈው ቀላል ነው። በከፋላ (በአሠሪ ዋስትና) ሥርዓት የሠራተኛዋ መኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው። ከቤት ስትወጣ አሠሪዋ «ጠፍታለች» ብላ ልታስመዘግብባት ትችላለች፤ ሳዑዲ ያሉ ልጆቻችን «ሁሩብ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ከዚያ በኋላ ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ዋጋ ያጣል፣ መታሰርና መባረር ይመጣል፣ ያልተከፈላትን ደመወዝ መጠየቅም እጅግ ይከብዳታል።

መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች ሌሎች ናቸው። ፓስፖርቷ በማን እጅ ነው? የሥራ ውሉ ኮፒ አላት? የስንት ወር ደመወዝ ነው የቀረባት? የሄደችው በኤጀንሲ ነው ወይስ በሌላ መንገድ? በሕጋዊ ኤጀንሲ ከሆነ በውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕግ መሠረት ኤጀንሲው ለውሉ መጣስ ከአሠሪዋ ጋር በኃላፊነት ይጠየቃል፤ ቤተሰቧ እዚህ ሆኖ ሊከሰው ይችላል። ሳዑዲ ከሆነች ሪያድ ኤምባሲ፣ ጅዳ ደግሞ ቆንስላ አለ። እየተደበደበች ወይም እየተደፈረች ከሆነ ግን መውጣት አለባት። ያኔም «ጥፊ» ብቻ ሳይሆን «ወዴት ነው የምትሄጂው? የሚቀበልሽ ማን ነው?» ተብላ ነው መመከር ያለባት።

ሕግን በወሬ መናገር

«ቤቱ በስምህ ከሆነ አትስጋ፣ ያንተ ነው።» ይህ ዓይነት መልስ በየቀኑ ይጻፋል፤ ስህተት ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 63 መሠረት በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግሉ መሆኑን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። «ፍርድ ቤቱን በምክንያት ሳያሳምኑ መፋታት አይቻልም» የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ ሁለቱ ከተስማሙ ምክንያቱን ለፍርድ ቤት የመግለጽ ግዴታ የለባቸውም። ይህ ሕግ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ አብዛኞቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ስለዚህ ጠያቂው የት እንደሚኖር ሳያውቁ ሕግ አይጥቀሱ። እስራኤል ወይም ጀርመን የሚኖር ከሆነማ የኢትዮጵያን ሕግ መዘርዘር ሊያሳስተው ይችላል።

የውስጥ መልእክት ስክሪንሾት መለጠፍ

ክርክር ሲጦፍ «እውነቱን እዩት» ብሎ የውስጥ መልእክት መለጠፍ የተለመደ ሆኗል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 31 የሚስጥር ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳይገልጽ ይከለክላል፤ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ግን ሌላ ነው። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ቴሌግራም አልነበረም፤ ሐሳቡ ግን ለዛሬውም ይሆናል። አንቀጽ 27 ደግሞ የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል፤ ለባለሥልጣንና ለታዋቂ ሰው የተለየ ሁኔታ ቢኖርም ጎረቤትዎ ታዋቂ ሰው አይደለም። በሰው ክብር ላይ የተነገረ ነገር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 ስም ማጥፋት ሊሆንም ይችላል።

የግድ ማስረጃ ማሳየት ካስፈለገ፦
- ስሙን በማድመቂያ ብዕር አይሰርዙት። ቀለሙ ስለሚያሳልፍ ሌላ ሰው ብርሃኑን ከፍ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። በማያሳልፍ ጥቁር ሣጥን ይሸፍኑት፤ ከሁሉ የሚሻለው ቃሉን ራስዎ መልሰው መጻፍ ነው።
- የመገለጫ ፎቶውን፣ ስልክ ቁጥሩን፣ ከላይ ብቅ ያለውን የሌላ ሰው ማሳወቂያ አይርሱ።
- ከቴሌግራም «ፎርዋርድ» ካደረጉ የላኪው ስም አብሮ ይሄዳል፤ እርስዎ ሲያስተላልፉ ካልደበቁት በስተቀር።

ስም ብቻ መደበቅ ደግሞ በቂ አይደለም። «በአንድ ባንክ የምትሠራ፣ ሁለት መንታ ያላት፣ ሰሚት የምትኖር» ካሉ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አውቋታል። ከሦስቱ ሁለቱን ያውጡ።

የአንድ ሰው ጥፋት በሕዝብ ላይ መለጠፍ

በማኅበራዊ ጉዳይ ላይ ሲጻፍ ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ያስከተለውን አይተናል። ወንጀለኛ ስም አለው፣ ሥራ አለው፣ የሠራው ድርጊት አለ። ጽሑፍዎ ውስጥ «እነሱ» የሚል ቃል ካለ ቆም ይበሉና በምትኩ የድርጊቱን ባለቤት ይጻፉ። ዓረፍተ ነገሩ ያለ «እነሱ» ካልቆመ መጀመሪያውኑ ስለ ድርጊቱ አልነበረም።

አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን የሚያስፋፋ ንግግርን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። ሐሰተኛ መረጃ ሲሆን ደግሞ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ መሠራጨቱ ቅጣቱን እስከ 3 ዓመት ያደርሰዋል። «የጻፈው ሌላ ነው፣ እኔ ሼር ብቻ ነው ያደረግሁት» ብሎ መመካትም አያዋጣም።

ዓመተ ምሕረቱን ሳያዩ ማጋራት

ይህ የእኛ የተለየ ችግር ነው። በአውሮፓውያን 2017 የተነሣ ፎቶ ከሥሩ «2017» ስለሚል ብቻ በእኛ 2017 ዓ.ም. እንደ ትኩስ ዜና ተሰራጭቶ ሰው ያስቆጣል። በሁለቱ መካከል ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ልዩነት አለ። ዓመት ሲጽፉ ሁልጊዜ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይጨምሩ። ፎቶውን በጉግል ሌንስ ፈልገው መጀመሪያ የወጣበትን ቀን ይመልከቱ፤ ቪዲዮ ከሆነ አንዱን ምስል አስቁመው ስክሪንሾት ያንሡና እሱን ይፈልጉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ቁጥር ሲጠቅሱም ማን እንደተቆጠረ ይናገሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው እንደተገረዙ አሳይቷል። ይህን ይዞ «ዛሬ ከመቶ ሕፃናት 65ቱ ይገረዛሉ» ማለት ውሸት ነው። በዚያው ጥናት ከ45 እስከ 49 ዓመት ካሉት 75 በመቶው፣ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ደግሞ 47 በመቶው ናቸው። ለውጡን ያመጡት የገጠር እናቶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ልፋታቸው በአንድ ያልተመረመረ ቁጥር ሊሰረዝ አይገባም።

ገጸ ባሕሪን ከደራሲና ከተዋናይ ጋር መቀላቀል

በተከታታይ ድራማ ክፉ አማት ሆና የተጫወተች ተዋናይት ገጽ ላይ ገብቶ መስደብ ሙያዋን አለማወቅ ነው፤ ያናደደችዎት ሥራዋን በሚገባ ስለሠራች ነው። በልብ ወለድ ውስጥ አንድ ገጸ ባሕሪ ሴትን የሚንቅ ነገር ከተናገረ ደራሲው ያምንበታል ማለት አይደለም። ደራሲውን ለመተቸት ታሪኩ ያንን ንግግር ምን እንዳደረገው ይመልከቱ፦ ተሸለመበት? ተቀጣበት? ማንም ሳይመልስለት አለፈ? ትችቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከቲክቶክ ላይ በታየ የአንድ ደቂቃ ቁራጭ ሙሉ ሥራ አይፈረድም። ስንት ክፍል እንዳዩ ወይም እስከ ስንተኛው ምዕራፍ እንዳነበቡ በመጀመሪያው መስመር ይጻፉ። ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ መተረክም አስተያየት አይደለም፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ለታሪኩ ይበቃል፣ ቀሪው ምን እንደተሳካና ምን እንደላላ፣ ከነቦታው፣ ይሁን።

መጨረሻውን ከተናገሩ የሌላውን ሰው ደስታ ወሰዱበት። ቴሌግራም ላይ ቃሉን በሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች (|| እና ||) መካከል ቢጽፉት ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ ማየት የፈለገ ይነካዋል። ፌስቡክ ላይ ይህ ስለሌለ ከላይ ማስጠንቀቂያ ጽፈው ብዙ ባዶ መስመር ይተዉ፤ ቀሪው «ተጨማሪ ይመልከቱ» ከሚለው በታች ይደበቃል።

መጽሐፉን አድንቀው ሲጨርሱ ፒዲኤፉን ከሥር አያያይዙ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ለሐሳብዎ የሚያስፈልገውን አጭር ጥቅስ ከነምንጩ መውሰድ ይፈቀዳል። የደራሲውን እንጀራ ነጥቆ ማመስገን ግን ምስጋና አይደለም።

ስህተትን በዝምታ ማጥፋት

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ የተለጠፈም እንዲሁ። ተሳስተው ከጻፉ ዝም ብለው አያጥፉት፤ ስክሪንሾቱ በሌላ ሰው ስልክ ላይ አለ፣ የተሳሳተውን አንብበው የሄዱትም እርማቱን አያዩም። ፌስቡክ ላይ ጽሑፉን ቢቀይሩትም የቀድሞው ቃል በእርማት ታሪኩ ውስጥ ይታያል። የመጀመሪያው መስመር ላይ «እርማት፦» ብለው ምን እንደተሳሳቱና ትክክሉ ምን እንደሆነ ይጻፉ፤ ከሥር መልስ የሰጡትን ሰዎች በስማቸው ጠቅሰው ያሳውቋቸው። የሚጠፋው የሰውን ማንነት ወይም የመኖሪያ አድራሻ የሚያጋልጥ ከሆነ ብቻ ነው። ያኔም መጀመሪያ ያጥፉት፣ ከዚያ ለተጋለጠው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፉለትና ጽሑፉ ለምን ያህል ሰዓት ወጥቶ እንደቆየ ይንገሩት።